ኹበይብ ኢብኑ ዐዲይ፤ በጠላት እጅ የሞተው ምርኮኛ

በጦር ሜዳ ስለ ወደቁ ሰዎች ብዙ ሰምታችኋል። በኡሑድ ቀን የተገደሉት 70 ያህል ሸሂዶች በተራራው ግርጌ በወንድሞቻቸው እጅ ተቀብረዋል፤ ዘመዶቻቸውም ስፍራውን ያውቁት ነበር። በሕይወቱ ተይዞ ወደ ጠላት አገር የተወሰደ ሰው ዕጣ ግን ከዚህ የመረረ ነው። እርሱ በሚጠሉት ሰዎች መካከል ብቻውን ይሞታል፤ ዓይኑን የሚከድንለት፥ የሚገንዘው፥ መቃብሩን የሚቆፍርለት ወገን የለውም። እናቱና ሚስቱም ይሙት ይኑር ሳያውቁ ደጅ ደጁን ሲያዩ ዘመናቸውን ይፈጃሉ። ዛሬ ታሪኩን የምንነግራችሁ ሶሐባ ከእንደነዚህ ያሉት ምርኮኞች አንዱ ነው።

ስሙ ኹበይብ፥ የአባቱም ስም ዐዲይ ነው። ትውልዱ ከመዲና አንሷሮች፥ ከአውስ ነገድ፥ ከዐምር ኢብኑ ዐውፍ ወገን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በ622 ከመካ ተሰደው ሲመጡ በቁባእ መጀመሪያ ያረፉት በዚሁ ወገን ዘንድ ነበር። እንግዲህ ኹበይብ ስደተኛውን በክብር ከተቀበሉት፥ ቤታቸውንና ተምራቸውንም ከተካፈሉት ሰዎች ዘር ነው። ስሙ ግን በሙስሊሞች ዘንድ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው በአሟሟቱ ምክንያት ነው።

የኡሑድ ጦርነት ካለፈ ከጥቂት ወራት በኋላ፥ በሂጅራ 4ኛው ዓመት በሰፈር ወር፥ ይኸውም በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ625፥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጥቂት ሰዎችን ከመዲና ላኩ። ስለዚህ ጉዞ ሁለት ዐይነት ወሬ ተላልፎልናል። ቡኻሪ ከአቡ ሁረይራ ይዘው እንዳስተላለፉት፥ የተላኩት 10 ሰዎች ሲሆኑ ሥራቸው የጠላትን ሁኔታ መሰለል ነበር፤ አለቃቸውም ዓሲም ኢብኑ ሣቢት ነው። ኢብኑ ኢስሓቅ ግን ሰዎቹ 6 መሆናቸውን፥ የዐደልና የአልቃራ ጎሣዎች ሃይማኖት የሚያስተምራቸው ሰው እንዲላክላቸው ስለ ለመኑ የሄዱ መምህራን መሆናቸውን፥ አለቃቸውም መርሠድ ኢብኑ አቢ መርሠድ መሆኑን ጽፈዋል። እኛ በአብዛኛው የቡኻሪን እንከተላለን፤ ከሌላው የወሰድነውንም እናመለክታለን።

መንገደኞቹ በዑስፋንና በመካ መካከል በደረሱ ጊዜ ሊሕያን የተባሉ የሁዘይል ነገድ ሰዎች ወሬአቸውን ሰሙ፤ ወደ 100 የሚጠጉ ቀስተኞችም ፈለጋቸውን ተከትለው ወጡ። አሳልፎ የሰጣቸው ነገር እጅግ ትንሽ ነበር። ዐርፈውበት በነበረው ስፍራ ተምር በልተው ከውስጡ የሚወጣውን ደረቅ ፍሬ ጥለውት ሄደው ነበርና፥ አሳዳጆቹ ያንን አንሥተው ባዩት ጊዜ የመዲና ተምር መሆኑን ዐወቁ። ተምር ነግዶ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም፤ የየአገሩን ተምር ከፍሬው መለየት የተለመደ ነው። ዓሲምና ባልንጀሮቹም መከበባቸውን ባዩ ጊዜ ከፍ ካለ ኮረብታ ላይ ወጡ። ስፍራው አር-ረጂዕ ለተባለው የሁዘይል ውሃ ቅርብ ስለ ነበር፥ ይህ ቀን በታሪክ የአር-ረጂዕ ቀን ተብሎ ይጠራል።

ቀስተኞቹ ከታች ሆነው ቃል ኪዳን ሰጡ፤ ከኮረብታው ወርደው እጃቸውን ቢሰጡ አንድም ሰው እንደማይገድሉ አረጋገጡ። ዓሲም በከሓዲ ሰው ዋስትና እንደማይወርድ ተናገረ፤ ስለ እነርሱም ለነቢዩ ወሬ እንዲያደርስላቸው አላህን ለመነ። ከዚያም ፍላጻ እንደ ዝናብ ወረደባቸው፤ ዓሲም ከሌሎች 6 ሰዎች ጋር ተገደለ። የቀሩት 3 ብቻ ናቸው፤ ኹበይብ፥ ዘይድ ኢብኑ አድ-ደሢናና ዐብዱላህ ኢብኑ ጣሪቅ። እነዚህም የተሰጠውን ቃል አምነው ወረዱ።

በዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። አንዳንድ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ዓሲምን ያመሰግናል፥ የወረዱትን ሦስቱን ግን በልቡ ይወቅሳል። ይህ ስሕተት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሁለቱ ወገኖች አንዱንም አልነቀፉም፤ የሕግ ሊቃውንትም ከዚህ ቀን ታሪክ በመነሣት፥ የተከበበ ሰው እስከ ሞት መዋጋትም ሆነ ዋስትና አግኝቶ መማረክ እንደሚፈቀድለት ጽፈዋል። ቡኻሪም በመጽሐፋቸው እጁን ስለሚሰጥና ስለማይሰጥ ሰው አንድ ምዕራፍ ከፍተው ይህን ታሪክ በውስጡ አኑረዋል። ቃልን ያመነ ሰው ምን ነውር አለበት? እናንተ ነጋዴዎች ይህን ከማንም ይልቅ ታውቁታላችሁ። ያለ ጽሕፈትና ያለ ምስክር ዕቃውን በቃል ብቻ ለባልንጀራው የሚሰጥ ሰው ቢከዳ፥ ነውሩ በሰጪው ላይ አይደለም፤ አማናውን በበላው ላይ ነው።

ሊሕያኖችም አማናውን ወዲያው በሉት። ሦስቱ በእጃቸው እንደ ገቡ የደጋናቸውን ጅማት ፈትተው በዚያው አሰሩአቸው። ዐብዱላህ ይህ የክሕደቱ መጀመሪያ መሆኑን ተናግሮ ከእነርሱ ጋር እንደማይሄድ ገለጸ፤ ጎትተው ሊወስዱት ቢሞክሩም እንቢ ስላለ ገደሉት። ኢብኑ ኢስሓቅ እንደ ጻፉት የሞተው በመካ አጠገብ አዝ-ዘህራን በተባለው ስፍራ ነው፤ እጁን ከማሰሪያው አሾልኮ ሰይፉን በያዘ ጊዜ ከሩቅ በድንጋይ ወግረው ገደሉት፤ መቃብሩም በዚያው ነው።

የዓሲምም ሬሳ የራሱ ታሪክ አለው። በኡሑድ ቀን የሱላፋ ቢንት ሰዕድን ሁለት ልጆች ገድሎ ነበርና፥ እርስዋ በራስ ቅሉ ወይን ጠጅ ልትጠጣ ተስላ ነበር። ሁዘይሎች ራሱን ሊሸጡላት አስበው ወደ ሬሳው ሲቀርቡ ንብ እንደ ደመና ሸፍኖት አገኙ። ሲመሽ ንቡ እስኪሄድ ሊጠብቁ ወሰኑ፤ ሌሊት ግን ጎርፍ መጥቶ ሬሳውን ይዞት ሄደ። ዓሲም በሕይወቱ ሳለ ጣዖት አምላኪን እንዳይነካ፥ እርሱም እንዳይነካው ለአላህ ተስሎ ነበር።

ኹበይብና ዘይድ ግን ወደ መካ ተወሰዱና ተሸጡ። ኢብኑ ሂሻም እንደ ጻፉት ዋጋቸው በመካ ታስረው የነበሩ ሁለት የሁዘይል ሰዎች ነበሩ፤ ይኸውም እስረኛ በእስረኛ ተለወጠ ማለት ነው። በገበያ የሚሸጥ ባርያ ለሥራ ይፈለጋል፤ እነዚህን ሁለቱን የገዙአቸው ሰዎች ግን የፈለጉት ደማቸውን ብቻ ነበር። ዘይድን የገዛው ሰፍዋን ኢብኑ ኡመያ ነው፤ አባቱ በበድር ስለ ተገደለ በእርሱ ምትክ ሊገድለው አሰበ። ኹበይብን የሐሪሥ ኢብኑ ዓሚር ልጆች ወሰዱት። ቡኻሪ እንዳስተላለፉት ምክንያቱ ኹበይብ በበድር ቀን ሐሪሥን መግደሉ ነው። አንዳንድ የታሪክ ሊቃውንት ግን ሐሪሥን የገደለው ሌላ ኹበይብ፥ የኸዝረጁ ኹበይብ ኢብኑ ኢሳፍ መሆኑን፥ የእኛው ኹበይብ በበድር እንዳልተገኘ ተናግረዋል። ነገሩ እንዲህ ከሆነ በሌላ ሰው ዕዳ ተያዘ ማለት ነው፤ ደም የሚበቀል ሰው ከአንድ ወገን የተገኘውን ሁሉ እንደ አንድ ይቆጥራልና ይህ በዚያ ዘመን እንግዳ ነገር አልነበረም።

ከዚህ ጋር የበድርን ምርኮኞች ማስታወስ ይገባል። በሂጅራ 2ኛው ዓመት፥ በ624፥ ከቁረይሽ ሰዎች 70 ያህል በሙስሊሞች እጅ ወድቀው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መልካም እንዲያደርጉላቸው ሶሐባዎችን አዘዙ፤ እነርሱም እንጀራውን ለምርኮኞቹ ሰጥተው ራሳቸው ተምር ይበሉ እንደ ነበር ከምርኮኞቹ አንዱ፥ አቡ ዐዚዝ ኢብኑ ዑመይር፥ በኋላ መስክሮአል። አብዛኞቹ ቤዛ ከፍለው፥ ድኾቹ በምሕረት፥ ጽሕፈት የሚያውቁትም የአንሷሮችን ልጆች አስተምረው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ኹበይብን አስሮ የያዘው ከተማ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ በየሰፈሩ ከመዲና በሰላም የተመለሰ ሰው ነበርና።

ኹበይብ በሰንሰለት ታስሮ በአንድ ቤት ተቀመጠ። ከሚጠብቁት ሰዎች የለመነው ሦስት ነገር ብቻ እንደ ሆነ ይተርካሉ፤ የጣፈጠ ውሃ እንዲያጠጡት፥ ለጣዖት ከታረደው እንዳያበሉት፥ ሊገድሉት በወሰኑም ጊዜ እንዲነግሩት። ነጻ እንዲለቁት አልለመናቸውም።

በዚያ ቤት የነበረች ሴት ኋላ ወደ እስልምና ገብታ ያየችውን ተናግራለች። በቡኻሪ ወሬ ከሐሪሥ ሴቶች ልጆች አንዲቱ ናት፤ ኢብኑ ኢስሓቅ ደግሞ ማዊያ የተባለች የሑጀይር ኢብኑ አቢ ኢሃብ ነጻ የወጣች አገልጋይ ናት ይላሉ። ይህች ሴት አንድ ቀን ኹበይብን በብረት ታስሮ ሳለ የወይን ዘለላ በእጁ ይዞ ሲበላ አየችው፤ በዚያ ወራት በመካ አንዳችም የወይን ፍሬ አልነበረም። አላህ ለኹበይብ የሰጠው ሲሳይ መሆኑን ኋላ ትናገር ነበር። ከእርሱ የተሻለ ምርኮኛ አይታ እንደማታውቅም መስክራለች።

መገደያው በቀረበ ጊዜ ኹበይብ ገላውን ለሞት ለማንጻት ምላጭ ለመነ፤ እርስዋም አዋሰችው። ከዚህ በኋላ የሆነውን፥ እናንተ እናቶች፥ በልባችሁ አስቡት። የቤቱ ሕፃን ሳትጠነቀቅ ቀርታ እየዳኸ ወደ እስረኛው ሄደ። ዘወር ብላ ባየች ጊዜ ልጁ በኹበይብ ጭን ላይ ተቀምጦአል፤ ምላጩም በኹበይብ እጅ ነው። በድንጋጤ ፊትዋ ተለወጠ፤ እርሱም የደነገጠችበትን ነገር ከፊትዋ ዐወቀ። ልጁን ይገድለዋል ብላ መፍራትዋን ጠየቃትና፥ እንዲህ ያለ ነገር ከቶ እንደማያደርግ ነገራት።

ምን ያህል እንደ ተወ እንመርምር። በእጁ ያለው ልጅ ሊገድሉት የገዙት ሰዎች ልጅ ነው። ምላጩን በልጁ አንገት ላይ አድርጎ በሩ እንዲከፈትለት፥ ፈረስም እንዲቀርብለት ማድረግ በቻለ ነበር። ራሱ በተሰጠው ቃል ተከድቶ የተያዘ ስለ ሆነ፥ ብድሩን መለሰ የሚሉ ሰዎችም ባልታጡ ነበር። እርሱ ግን ከሊሕያኖች ጋር ያለውን ሒሳብ ከሕፃን ላይ አልወሰደም። ያ ሕፃን አድጎ ለወግ በቅቶአል፤ አዝ-ዙበይር ኢብኑ በካር የተባሉት የትውልድ ዐዋቂ እንደ ጻፉት፥ ከእርሱ ዘር በመካ የሐዲሥ አስተላላፊ የሆነ ሊቅ ወጥቶአል።

የተወሰነው ቀን ሲደርስ ከሐረም ክልል ውጭ ወደ ሆነው ወደ ተንዒም አወጡት። ሐጅ ያደረጋችሁ ይህን ስፍራ ታውቁታላችሁ፤ በመካ ያሉ ሰዎች ለዑምራ ኢሕራም የሚያስሩበት፥ ዛሬ በእመት ዓኢሻ ስም የሚጠራው መስጊድ ያለበት ነው። በሐረም ውስጥ ደም ማፍሰስን ይፈሩ ስለ ነበር ወደዚያ ወሰዱት። ሰው ገዝቶ ለመግደል ያላፈረ ሕዝብ የድንበሩን ምልክት ግን አከበረ።

በዚህም ስፍራ ኹበይብ ሁለት ረከዓ እንዲሰግድ ይፈቅዱለት ዘንድ ጠየቀ፤ ፈቀዱለትም። ሰገደና ፈጥኖ ጨረሰ፤ ሞትን ፈርቶ ጊዜ የሚያራዝም እንዳይመስላቸው ብሎ እንጂ ሊያስረዝመው ይወድ እንደ ነበር ነገራቸው። ታስሮ ለሚገደል ሰው ሁለት ረከዓ መስገድ ሱና ሆኖ የቀረው ከእርሱ ነው። ከዚያም አላህ ገዳዮቹን በቁጥር እንዲይዛቸው፥ አንድ በአንድ እንዲያጠፋቸው፥ ከእነርሱም ማንንም እንዳያስቀር ለመነ። ለሕፃኑ የራራው ሰው ለእነዚህ አልራራም፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። የተበደለ ሰው ዱዓ ነውና የሰሙት ሁሉ ተንቀጠቀጡ። አቡ ሱፍያን ልጁን ሙዓዊያን እርግማኑ እንዳያገኘው ከመሬት ላይ በጎኑ አስተኛው፤ የተረገመ ሰው በጎኑ ቢተኛ ያልፈዋል የሚል እምነት በመካውያን ዘንድ ነበርና።

በእንጨት ላይ ሰቅለው ገደሉት። ቡኻሪ እንዳስተላለፉት የገደለው ዑቅባ ኢብኑ አል-ሐሪሥ ነው። ዑቅባ ራሱ ግን በኋላ ዘመን፥ ያን ጊዜ ልጅ እንደ ነበረ፥ የዐብዱ-ዳር ወገን የሆነ አቡ መይሰራ የተባለ ሰው ጦሩን በእጁ አስይዞ፥ እጁንም በእጁ ይዞ እንደ ወጋበት ይናገር ነበር።

ዘይድም በዚያው በተንዒም ተገደለ። አቡ ሱፍያን ከመሞቱ በፊት፥ እርሱ በቤተ ሰቡ መካከል ተቀምጦ ሙሐመድ በእርሱ ስፍራ ቢገደሉ ይወድ እንደ ሆነ ጠየቀው። ዘይድም እርሱ በቤቱ ተቀምጦ ሳለ ነቢዩን ባሉበት ስፍራ እሾኽ እንኳ ቢወጋቸው እንደማይወድ መለሰለት።

የዓሲም ልመና ተሰምቶ ነበርና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአር-ረጂዕ የወደቁትን ወሬ በዚያው ቀን ለሶሐባዎች ነገሩ። ኹበይብ ግን ሬሳው በእንጨቱ ላይ ቀረ፤ ጠባቂዎችም ነበሩበት። እርሱን ለማውረድ የሄደው ዐምር ኢብኑ ኡመያ አድ-ደምሪ ነው። ይህ ሰው ምርኮ ምን እንደ ሆነ ያውቅ ነበር። በዚያው በሰፈር ወር በቢእር መዑና ባልንጀሮቹ ሲያልቁ እርሱ ተማረከ፤ የማረከው ዓሚር ኢብኑ አጥ-ጡፈይል እናቱ ባርያ ነጻ ለማውጣት ተስላ ስለ ነበር፥ የግንባር ፀጉሩን ቈርጦ በስለቱ ለቀቀው። ለአገራችን ሙስሊሞችም ስሙ እንግዳ አይደለም፤ በኋላ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ደብዳቤ ይዞ ባሕር ተሻግሮ ወደ ሐበሻው ንጉሥ ወደ ነጃሺ የመጣው መልእክተኛ እርሱ ነው።

ዐምር እንደ ተናገረው፥ ጠባቂዎቹን እየፈራ ከእንጨቱ ላይ ወጥቶ ማሰሪያውን ፈታ፤ ሬሳውም ከመሬት ወደቀ። ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ዘወር ቢል ኹበይብን አላየውም፤ ምድር የዋጠችው ያህል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ ዱካው አልተገኘም። ስለዚህ የታሪክ ሰዎች ምድር የዋጠችው ሰው ብለው ይጠሩታል። የነቢዩ ባለ ቅኔ ሐሳን ኢብኑ ሣቢት በግጥም አለቀሰለት።

የኹበይብ ቤተ ሰዎች መቃብሩን ባያዩም መሞቱን ዐውቀዋል። በየዘመኑ ጦርነት ይህን እንኳ ያላገኙ ብዙዎች ናቸው። ሸሪዓም ለእነዚህ ዝም አላለም። በሕይወት መኖሩ የታወቀ ምርኮኛ ሚስቱ ሚስቱ ናት፥ ገንዘቡም አይከፈልም። ወሬው ፈጽሞ ስለ ጠፋ ሰው ግን ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) ሚስቱ 4 ዓመት እንድትጠብቅ ፈርደዋል፤ ኢማም ማሊክም ይህን ይዘዋል። ሌሎች ሊቃውንት ሞቱ እስኪረጋገጥ ድረስ መጠበቅ እንደሚገባት ተናግረዋል። ምርኮኛን ማስፈታት፥ የተራበን ማብላት፥ የታመመን መጠየቅ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድነት ያዘዙአቸው ነገሮች ናቸው፤ ሀብታም ነጋዴ ገንዘቡን ለምርኮኛ ቤዛ ቢያወጣ በሊቃውንት ዘንድ ከታላላቅ ምጽዋቶች ይቆጠርለታል።

በተንዒም ከተገኙት ሰዎች ብዙዎቹ በኋላ ሰለሙ። ዑቅባ መካ በተከፈተ ጊዜ፥ በሂጅራ 8ኛው ዓመት በ630፥ ገባ። የአቡ ኢሃብን ልጅ አግብቶ ሳለ፥ አንዲት ሴት ሁለቱንም እንዳጠባቻቸው በተናገረች ጊዜ፥ ሕጉን ለመጠየቅ ከመካ እስከ መዲና በግመል ተጕዞ ነቢዩ ባዘዙት መሠረት ሚስቱን ተለየ። ሰፍዋንና አቡ ሱፍያንም ሰለሙ። የኹበይብ እርግማን በእነርሱ ለምን አልደረሰም ለሚል ሰው፥ ሊቃውንት እርግማኑ የደረሰው በክሕደታቸው ጸንተው በሞቱት ላይ መሆኑን መልሰዋል።

ከእነዚህ ተመልካቾች አንዱ ሰዒድ ኢብኑ ዓሚር አል-ጁመሒ ነው። ያን ቀን ከሕዝቡ ጋር ቆሞ ያይ ነበር፤ ሰልሞም ወደ መዲና ተሰደደ፤ ሰይዲና ዑመርም (ረ.ዐ.) በሻም አገር በሒምስ ላይ ሾሙት። ሕዝቡ ግን አገረ ገዥአቸው በጉባኤ መካከል ሳለ ድንገት ራሱን ስቶ እንደሚወድቅ፥ ሕመምም ያለበት እንደሚመስላቸው ለዑመር ነገሩ። ዑመርም አስቀርበው ምክንያቱን ጠየቁት። ሰዒድ ምንም ሕመም እንደሌለበት፥ ነገር ግን ኹበይብ ሲገደል ከተገኙት አንዱ እንደ ነበረና ዱዓውን በጆሮው እንደ ሰማ፥ ያ ቃል በልቡ በመጣ ቁጥር በተቀመጠበት ጉባኤ ራሱን እንደሚስት መለሰላቸው። ይህም በዑመር ዘንድ ክብሩን ጨመረለት።